ሠላሳ አንድ ሰው የሚያውቃት ሞግዚት

ሜሮን ከወለደች ወዲህ ናይሮቢ፣ ኪሌሌሽዋ ሰፈር ያለው ቤቷ ውስጥ የተኛ ሰው የለም። ልጇ ሕዝቅያስ አምስት ወሩ ነው። በእነዚህ አምስት ወራት የተኛውን እንቅልፍ ሁሉ ጠራርገህ ብትሰበስበው፣ ሰው ከሁርሊንግሃም ፓርክላንድስ በማታቱ ሚኒባስ እስኪደርስ የሚያንቀላፋውን ያህል አይሞላም። ማጋነን እንደምወድ የሚያውቁኝ ያውቃሉ። ይኼኛው ግን ማጋነን አይደለም፤ ጎረቤቶቹን ጠይቁ፣ እነሱም አልተኙም።

እኔ አጎቷ ነኝ፣ የእናቷ ወንድም። ባንታየሁ እባላለሁ። ናይሮቢ ከገባሁ ሃያ ሁለት ዓመቴ ነው፤ እህቴ ውዴ ሁርሊንግሃም ምግብ ቤት አላት፣ እኔ ገበያውን አመላልስላታለሁ። ገና ሳይነጋ ሽንኩርት ስመርጥ ጀምሬ ወገቤ እስኪለያይ እሸከማለሁ። ትምህርቴ እስከ ሰባተኛ ክፍል ነው። ስምንተኛን እኔ አልጠላኋትም፣ እሷ ናት የጠላችኝ።

ሜሮን ግን የተማረች ናት። እዚሁ ናይሮቢ አድጋ፣ ኮምፒውተር አጥንታ፣ ለሰው አፕ ትሠራለች። ባሏ ታዴዎስ ሞምባሳ ወደብ ስለሚሠራ የሚመጣው በወር ሁለቴ ነው። ሥራዋን የምትጀምርበት ቀን ሲቃረብ ልጇን የምትይዝላት ሴት መፈለግ ጀመረች።

«ጋሼ፣ አሥራ ሰባት ሰው ጋ ደወልኩ» አለችኝ አንድ ቀን፤ ዓይኖቿ እንደ በርበሬ ቀልተዋል። «አሥራ ሰባት! ሁሉም 'እሺ እጠይቅልሻለሁ' ይላል፣ ከዚያ ኖ ሪፕላይ። ዲስ ኢዝ ክሬዚ። የእኛ ሰው ሞግዚት የሚያገኘው በወሬ ነው።»

«ታዲያ በምን ሊያገኝ ኖሯል?»

«በአፕ» አለች፣ እና ልጁን ትከሻዬ ላይ ጥላው ሄዳ ኮምፒውተሯን ከፈተች።

አሳቡ ቀላል ነበር። እናት የምትፈልገውን ቀንና ሰዓት ትጽፋለች፤ ሞግዚቶች የሚመቻቸውን ይጽፋሉ፤ አፑ ያገናኛቸዋል። ስሙን «አደራ» አልነው፣ እሱን ያወጣሁት እኔ ነኝ። የሜሮን አማርኛ አፏ ላይ ጎበዝ ነው፣ እጇ ላይ ሲደርስ ያነክሳል፤ ስለዚህ በአፑ ላይ ያለውን ጽሑፍ በሙሉ እንዳስተካክል ተሾምኩ። መጀመሪያ ያየሁት ቁልፍ «ልጅ ሰርዝ» ይላል።

«አንቺ ልጅ፣ ልጅ እንዴት ይሰረዛል?»

«እናትየው ሁለት ልጅ ጽፋ አንዱን ማውጣት ብትፈልግስ?»

«አንዱን ማውጣት የማትፈልግ እናት ናይሮቢ ውስጥ የለችም። ግን እንዲህ በጽሑፍ አይባልም።»

«ይህ ልጅ ዛሬ አይኖርም» ብዬ ጻፍኩላት። ከዚያ እሱም የመርዶ መሰለኝና ሰረዝኩት። በአንድ ቁልፍ ሦስት ቀን ፈጀን። ሕዝቅያስ በሦስቱም ቀን አለቀሰ።

ትልቁ ጣጣ የመጣው ከኮከቡ ነው። እናቶች ለሞግዚት ከአንድ እስከ አምስት ኮከብ እንዲሰጡ ነበር የታሰበው። በአሥር እናቶች ሞከርነው፤ አሥሩም አምስት አምስት ሰጡ። ከመካከላቸው የአንዷ ልጅ ሞግዚቷ ስልክ ስታወራ ግማሽ ሳሙና በልቶ ሁለት ቀን አረፋ ሲተፋ ከርሟል። ሜሮን ደውላ «ታዲያ ለምን አምስት ሰጠሽ?» ብትላት «ነገ ቤተ ክርስቲያን ስንገናኝ በምን ዓይኔ አያታለሁ?» አለቻት።

«ኮከቡ ይቅር» አልኩ እኔ። «በእኛ ዘንድ ሰው የሚመዘነው በኮከብ አይደለም። 'ማን ያውቃታል?' ተብሎ ነው የሚጠየቀው። 'አውቃታለሁ' የሚል ቁልፍ አድርጊ። ብዙ ሰው ያወቃት ትታመናለች።»

ሜሮን ልጇን እያወዛወዘች አሰበች። «ጋሼ፣ ዩ አር ጂኒየስ» አለች። ከሰባተኛ ክፍል ወዲህ እንዲህ ያለኝ ሰው ስላልነበረ ትንሽ ሳልኩራራ አልቀረሁም።

ቁልፉ ሲያልቅ መሞከር ነበረበት። ጥቅምት መጨረሻ ላይ ነው። ሜሮን በአንድ እጇ እየጻፈች፣ በአንድ እጇ ጡጦ እየነቀነቀች፣ «ጋሼ፣ ለቴስት አንዲት የውሸት ሞግዚት ጻፍልኝ» አለች። «ረዘም ያለ ይሁን፣ ስክሪኑ ላይ እንዳይቆረጥ ልየው። ከዚያ ዲሊት አደርጋታለሁ።»

እንግዲህ የውሸት ሰው ብላ የጠየቀችው ማንን ነው? እኔን።

እንዲህ ስል ጻፍኩ፦ «ወይዘሮ ማዕዶት። ዕድሜ፦ ልጅ ለመያዝ የሚበቃ። ምጽዋ ወደብ ላይ የአንድ ግሪካዊ መርከበኛ ሦስት መንታ ልጆችን በአንድ አንቀልባ አሳድጋለች። ሞያሌ ላይ ዘጠኝ ወር ሙሉ ያልተኛ ሕፃን አምጥተውላት አንዴ ግንባሩን ብትዳብሰው ሦስት ወር ተኝቶ፣ የልደቱን ሻማ አባቱ ነው እፍ ያለለት። በአራት ቋንቋ ታባብላለች፣ በአምስተኛው ትቆጣለች። ፎቶ መነሣት አትወድም።»

አልተቆረጠም። ጽሑፉ ስክሪኑ ላይ ልክክ አለ። ሜሮን አንብባ ልትስቅ አፏን ስትከፍት ማዛጋት ቀደማት፤ ከዚያ ግንባሯን ኮምፒውተሩ ላይ ደግፋ ተኛች። ልጁ እንዳይቀሰቅሳት ይዤው ወጣሁ። ማዕዶትን ማጥፋቱን እኔ ለእሷ ተውኩት፣ እሷም ለነገ ተወችው። ነገ ደግሞ በዚያ ቤት ከትናንት አይለይም።

ኅዳር ሲገባ አፑ ሥራ ጀመረ። ሰባት ሞግዚቶች ተመዝግበዋል። ከማዕዶት ጋር ስምንት።

እኔ ይህን ያወቅኩት ኅዳር ሃያ፣ ሐሙስ ከሰዓት፣ እህቴ ምግብ ቤት ሽንኩርት አራግፌ ወንበር ላይ ስወድቅ ነው። ነገ ኅዳር ጽዮን ናት፣ ማኅበሩ የሚበላው እዚሁ ነው፤ ውዴ ለሰማንያ ሰው የጾም ወጥ ስታሰናዳ ፀጉሯ ተንጨፍርሯል። አጠገቧ ጋሽ ጎይትኦም ተቀምጧል። የአስመራ ሰው ነው፤ አማርኛውን ድሮ አዲስ አበባ ጋራዥ ሲሠራ የተማረ፣ ናይሮቢ ውስጥ ከእኔ በፊት ያረጀ ሰው።

«ማዕዶትን አፑ ላይ አየኋት» አለ ሻዩን እያማሰለ። «ወዲያው 'አውቃታለሁ' አልኩ።»

ከወንበሬ ቀና አልኩ። «ማንን?»

«ማዕዶትን ነዋ! የምጽዋዋን። ግሪኮቹ ቤት የነበረችውን። ቀጭን፣ ረጅም።»

«ኧረ ቀጭንስ አይደለችም» አለች እህቴ ከድስቱ ቀና ሳትል። «ሞላ ያለች ናት። ባለፈው ማኅበር ላይ እኮ ከእኔ ጎን ነበረች።»

«እንግዲያው አሁን ወፍራለች።»

«የለችም!» ብዬ ተነሣሁ። «ማዕዶት የምትባል ሴት የለችም! እኔ ነኝ የፈጠርኳት፣ ለሙከራ!»

ጋሽ ጎይትኦም ሻዩ እስኪፈስ ሳቀ። «አንተ አይደለህም እንዴ፣ አምና ናይቫሻ ላይ ጉማሬ ማታቱ ተሳፍሮ መልሱን ሳይቀበል ወረደ ያልከን?»

«እሱ ሌላ ነው!»

«እሱን እንኳ አምኜህ ነበር። ይኼን ግን አላምንህም። ሠላሳ አንድ ሰው የሚያውቃትን ሴት!»

«ሠላሳ አንድ?»

«እኔ ሠላሳኛው ነኝ፤ ውዴ ከእኔ በኋላ ናት።»

እህቴን አየኋት። እጇን በሽርጧ እየጠረገች «ምን ላድርግ ታዲያ?» አለች ቀስ ብላ። «ሁሉም የሚያውቃትን ሴት እኔ ብቻ አላውቃትም ልበል? ተጣልታ ነው ይሉኛል።»

እንዲህ ነው እንግዲህ። በእኛ መንደር ሰው አላውቅም ማለት ንቄዋለሁ ማለት ነው። ቁልፉን ያመጣሁት ደግሞ እኔ ነኝ።

ማታቱ እስኪመጣ አልጠበቅኩም፣ ኪሌሌሽዋ በእግሬ ገባሁ። ሜሮን በሩን ስትከፍት ሕዝቅያስ ደረቷ ላይ ነው፤ ፊቱ ሽፍታ ወጥቶበታል። «ትኩሳት አለው» አለች። «ዶክተሩ ሌላ ልጅ እንዳይጠጋው ብሏል። ምነው ላብህ?»

ነገርኳት። ስልኳን አወጣች፣ ነካካች። «ኦ ማይ ጎድ። ሳላጠፋት... ጋሼ፣ ቡኪንግ አላት።»

«ምን አላት?»

«ቀጥረዋታል። አንዲት እናት፣ ፓርክላንድስ። ነገ ጠዋት ከአንድ ሰዓት እስከ ስምንት።»

ስልኩን አየሁት። ሚዛን የምትባል። ልጅ፦ አንዲት፣ ሁለት ዓመት፣ ዮሳን። ማሳሰቢያ በሚለው ቦታ፣ እኔው ራሴ ባስተካከልኩት ሳጥን ውስጥ፣ «እባክዎ አይቅሩብኝ» ተብሎ ተጽፏል።

ማዕዶትን ያኔውኑ አጠፋናት። ቀጠሮው ግን በሰው ልብ ውስጥ ነው፣ እሱ አይጠፋም። ሜሮን ሰባቱን ሞግዚቶች አየች፤ ሰባቱም ለነገ «አይመቸኝም» ብለዋል፤ ግማሹ ለጽዮን ቤተ ክርስቲያን ነው፣ ግማሹ ቀድሞ ተይዟል። «ለሚዛን ደውልላት» አለች ሜሮን፣ እና ልጁ ጮኸ፣ እሷም ይዛው ገባች።

ደወልኩ። ገና ሳይጠራ ተነሣ።

ከአደራ መሆኔን ከመናገሬ፣ «ጋሼ፣ እባክዎ ወይዘሮ ማዕዶት ቀርተዋል እንዳይሉኝ» አለች።

«አይ፣ እኔ እንኳ...»

«ነገ ፈተና አለብኝ። ሆቴል ነው፣ የኬክ ክፍሉ። ከፊታቸው ጋግሬ ነው የሚያዩኝ። ባለፈው ወር ተጠርቼ የማስቀምጥበት ባጣ ልጄን ይዤ ሄድኩ፤ ዘበኛው በሩ ላይ መለሰኝ። ሼፏን ለምኜ ለምኜ ነው ሌላ ቀን የሰጠችኝ። ሦስተኛ የለም ብላኛለች። አባቷ ጁባ ነው፣ ሌላ ሰው የለኝም። ወይዘሮ ማዕዶትን ሳያቸው፣ ያ ሁሉ ሰው እንደሚያውቃቸው ሳይ፣ ከዚያ ወዲህ ዛሬ ለመጀመሪያ ጊዜ ምሳ በላሁ።» አስከትላም፣ «ይመጣሉ አይደል?»

በሕይወቴ ስንት ውሸት ዋሽቻለሁ፣ ሁሉም ሰው ለማሳቅ ነው። «ሰው ይመጣል» አልኩና ዘጋሁ። ይኼኛው አላሳቀኝም።

ከዚያ መደወል ጀመርኩ። «የሚያውቋት» ሠላሳ አንድ ሰዎች ስማቸው አፑ ላይ አለ፤ አንዳቸው ነገ ልጅቷን ቢይዝልኝ ብዬ። ሁሉም ወደ ማዕዶት መለሱኝ። እንግዲያው የምታውቃትን ሴት አምጣልኝ ስለው ጋሽ ጎይትኦም «ቤቷን ውዴ ናት የምታውቀው» አለ። ውዴ «ኢንሳፍን ጠይቃት፣ ቅርቧ ናት» አለች። ኢንሳፍ ቅመም ሻጯ «እኔ እንኳ በስም ነው፣ ራጃ ያውቃታል» አለች። ራጃ ልብስ ሰፊው ጥቂት አስቦ፣ «እሷን በደንብ የሚያውቃት አንድ ሰው ነው» አለኝ።

«ማን?»

«ባንታየሁ የሚባል ሰውዬ አለ፣ የውዴ ወንድም። እሱን ጠይቅ።»

ስልኩን ደረቴ ላይ አድርጌ ተቀመጥኩ። ነገ ልጅ የሚይዝልኝ ሰው አንድም አልተገኘም።

ዓርብ ጠዋት አንድ ሰዓት ሲሆን ፓርክላንድስ አራተኛ ፎቅ ላይ በር አንኳኳሁ። አሳንሰር የለም። ደረጃውን ስወጣ በየፎቁ ቆሜ ነው የተነፈስኩት፤ አራት ፎቅ ለእኔ አሥራ አራት ነው።

ሚዛን ከፈተች። ነጭ ሸሚዝ፣ ጥቁር ሱሪ፣ ፀጉሯ ጥብቅ ተደርጎ ተይዟል። ልጅቷ ወገቧ ላይ ሆና ማንኪያ ታኝካለች። ሚዛን ከኋላዬ ወደ ደረጃው አየች።

«ወይዘሮ ማዕዶት እየመጡ ነው?»

መንገድ ላይ ያዘጋጀሁት ውሸት ነበረኝ፣ ንጹሕ ውሸት። «ታማለች፤ እኔ ወንድሟ ነኝ» ልላት ነበር። ታምነኝ ነበር፤ ሠላሳ አንድ ሰው የሚያውቃት ሴት ወንድም ማን አያምንም? ልጅቷን ሰጥታኝ ትሮጥ ነበር። አፌን ከፈትኩ። ልጅቷ ማንኪያውን ከአፏ አውጥታ ወደ እኔ ዘረጋችው፣ ቅመስ ዓይነት። ውሸቱን ተውኩት። መቼም መዋሸት አቅቶኝ አያውቅም፣ ግን ደከመኝ።

«ማዕዶት የለችም» አልኩ። «ኖራም አታውቅም። እኔ ነኝ የጻፍኳት፣ አፑን ለመሞከር። ሳትጠፋ ቀረች።»

«እየቀለዱ ነው?»

«አይደለም።»

«ሠላሳ አንድ ሰው ያውቃታል እኮ!»

«አያውቋትም። አላውቅም ማለት አፍረው ነው።»

በሩን ይዛ ቆመች። ከዚያ «እርስዎ» የሚለው ከአፏ ወጥቶ ጠፋ። «አንተ» አለች። «አንተ የተዋረድክ ሰውዬ! ትናንት በስልክ ለምን አልነገርከኝም? ሌሊቱን ሙሉ ሰው እለምን ነበር!»

«አልቻልኩም።»

«አሁንስ ለምን መጣህ? እያለቀስኩ ልታየኝ?»

«ልጅቷን ልይዝልሽ።»

ሳቀች፤ ደስ የማይል ሳቅ ነው። «ልጅ አሳድገሃል?»

«አላሳደግኩም። የእህቴ ልጅ ልጅ አለ፣ እሱን እይዛለሁ። አይተኛም እንጂ እይዘዋለሁ።»

«አንተን ማን ያውቅሃል?»

«ሁሉም ሰው» አልኩ። «ውሸታም መሆኔን።»

ሰዓቷን አየች። ፈተናው ሁለት ሰዓት ተኩል ነው፤ ሆቴሉ ከፓርክላንድስ በእግር ሃያ ደቂቃ ይሆናል። ግድግዳው ላይ ተደግፋ ዓይኗን ጨፈነች፣ ቆማ የተኛች መሰለኝ። ሲገለጥ ዓይኗ ደርቋል።

«መታወቂያህን አምጣ።»

ሰጠኋት።

«ስልክህን።»

ሰጠኋት።

«የግራ ጫማህን አውልቅ።»

«ምን?»

«ጫማህን! ልጄን ይዘህ ብትሮጥ በአንድ እግር ነው የምትሮጠው። ሆቴሉ ጓሮ ላይ መንገድ አለ፣ የኬክ ክፍሉ መስኮት ፊት ለፊት ነው፤ ባለፈው አይቼዋለሁ። እዚያ ዛፍ ሥር ትቆማለህ። መስኮቱ ላይ ስመጣ ላይህ እፈልጋለሁ። አንድ ጊዜ ካጣሁህ ዱቄቱን ጥዬ እወርዳለሁ፣ ሥራውም ይቅር፣ አንተም ይቅርታ የለህም። ገብቶሃል?»

«ገብቶኛል።»

ጫማዬን በፌስታል ጠቅልላ ቦርሳዋ ውስጥ ከወንፊቱ ጎን ከተተችው።

እንዲህ ሆነና ሁለት ሰዓት ከሩብ ላይ፣ በአንድ ጫማና በአንድ ካልሲ፣ የሰው ልጅ ታቅፌ ከአንድ ትልቅ ሆቴል ጓሮ ፊት ለፊት ቆምኩ። ሚዛን ልጇን ሳመቻት፣ ወደ እኔ ሳታይ መንገዱን ተሻገረች፣ ዘበኛው ዝርዝሩን አይቶ አስገባት። በሩ ተዘጋ። ዮሳን በሩን አየች፣ እኔን አየች፣ ከዚያ ጀመረች።

የሕዝቅያስ ለቅሶ የወንድ ነው፣ ጮኾ ያልፋል። የዮሳን ለቅሶ ደግሞ እየተጠጋጋ የሚሄድ፣ እንደ ልብስ ስፌት መኪና የማያቋርጥ ነው። ያለኝን ሁሉ አወጣሁ። ስለ ጉማሬው ነገርኳት፣ ስለ መርከበኛው ሦስት መንቶች ነገርኳት፤ አልሰማችኝም። የሁለት ዓመት ልጅ ተረት አትገዛም። ሰዎች በማታቱ መስኮት ያዩኛል፦ ጫማ የጎደለው ሽማግሌ የሚያለቅስ ሕፃን ይዞ ከሕንፃ መስኮት ጋር ዓይን ለዓይን ይተያያል።

ዘበኛው መንገዱን ተሻግሮ መጣ። «ምዜ፣ ኪያቱ ኪኮ ዋፒ?» አለ እግሬን እያየ፤ ሽማግሌው፣ ጫማው የት አለ ማለቱ ነው።

«እናቷ ይዛዋለች» አልኩት በስዋሂሊ። «መያዣ ነው።»

እግሬንና ልጅቷን አይቶ፣ ሦስት ልጆች እንዳሉት ነገረኝና ካርቶን አመጣልኝ፣ እንድቆምበት።

ዝም ያሰኛት መራመድ ነበር። አሥር እርምጃ ወደዚህ፣ አሥር እርምጃ ወደዚያ፤ ከዚያ በላይ ከሄድኩ ከመስኮቱ እወጣለሁ። ሦስት ሰዓት ላይ ሚዛን ለመጀመሪያ ጊዜ ታየች፤ ነጭ ቆብ አድርጋለች። ልጅቷን ከፍ አድርጌ አሳየኋት። ጠፋች። አራት ሰዓት ላይ ጥላው ጥሎኝ ሄደ። ሁለት ሜትር ፈቀቅ ብል ጥላ ውስጥ ነኝ፣ ግን የግንቡ ጥግ ይከልለኛል። ኮቴን አውልቄ ልጅቷን አለበስኳትና ፀሐዩን እኔ ጠጣሁት። ወገቤ መጀመሪያ ጮኸ፣ በኋላ ተወኝ፤ የሌላ ሰው ወገብ ሆነ።

አምስት ሰዓት ላይ ላስቀምጣት አልኩ፣ ለአፍታ፣ ካርቶኑ ላይ። እግሯ መሬት እንደነካ ሮጠች። አንዲት ድመት አይታ ነው፤ ድመቷ ወደ ጥጉ፣ ዮሳን ወደ ድመቷ፣ ከጥጉ ወዲያ ደግሞ ሞተር ብስክሌቶች የሚወጡበት ቅያስ ነው። በአንድ ጫማ ሰው መሮጥ አይችልም የሚል ካለ አላየኝም። ጠጠሩ ካልሲዬን ቀደደው፣ ዘበኛው ጮኸ፣ እኔ ኮቴን ከኋላዋ ያዝኩት። ኮቱ እጄ ላይ ቀረ፣ ልጅቷ አልቀረችም። ሁለተኛ ዘረጋሁና ክንዷን አገኘሁ። ሞተሩ ባጠገባችን አለፈ። ከግንቡ ጥግ ወዲያ ነበርን።

ስምንተኛ ክፍል በሩጫ የሚገባ ቢሆን ኖሮ፣ ወደ ካርቶኑ በተመለስኩበት ፍጥነት በገባሁ ነበር። ቀና አልኩ። ሚዛን መስኮቱ ላይ ነበረች። ሁለት እጇ መስታወቱ ላይ ተለጥፏል፣ ሁለቱም ዱቄት። አሁን ትወርዳለች ብዬ ጠበቅኩ። ልጅቷን ወደ ላይ አነሣኋት። ዮሳን ድመቷ ስለሄደችባት እየጮኸች ነው፣ ግን ሙሉ ናት፣ እጅም እግርም አላት። አንድ ሴት ከኋላ መጥታ ሚዛንን ጠራቻት። ሚዛን ለመሄድ ዘወር አለች፣ ተመልሳ አየችን፣ እንደገና ዘወር አለች። ከዚያ መስታወቱ ላይ ሁለት ነጭ የእጅ አሻራ ብቻ ቀረ።

ከዚያ ወዲያ አላስቀመጥኳትም። ስድስት ሰዓት ላይ ትከሻዬ ላይ ተኛች። የተኛ ልጅ ከነቃ ልጅ እጥፍ ይመዝናል፣ ይኼን ማንም አይንገረኝ። ሰባት ሰዓት ሆነ። ቆሜ ልተኛ ደርሻለሁ፤ ዘበኛው ባጠገቤ ሲያልፍ ሁሉ በክርኑ ይጎሽመኛል።

ስምንት ሰዓት ሊሆን ጥቂት ሲቀረው በሩ ተከፈተ። ሚዛን መጣች፤ ቅንድቧ ላይ ሳይቀር ዱቄት አለ። ቀድማ ያየችው የልጅቷን ጀርባ ነው፣ ሲተነፍስ። ከዚያ ፌስታሉን አወጣችና ጫማዬን እግሬ ሥር አኖረችው። እኔ ማጎንበስ አልቻልኩም። ተንበርክካ እሷው አጠለቀችልኝ።

«ያኔ ሳጣህ» አለች ጫማውን እያሰረች፣ «እጄ ላይ እንቁላል ነበር። ጣልኩት። ሼፏ አየችኝ። ልጄ ውጭ ናት አልኳት።»

«ምን አለች?»

«'ሌላ እንቁላል አንሺ' አለች።» ተነሣች። «ሰኞ ጀምሪ ብለውኛል። ከአንድ እስከ ዘጠኝ። በየቀኑ።»

«እንኳን ደስ ያለሽ።»

«ምኑ ነው ደስ የሚለው? በየቀኑ ነው እኮ ያልኩህ።»

ልጅቷን ልትቀበለኝ እጇን ዘረጋች፣ ክንዷ እንደ እኔው ዝሏል፤ መለሰችው።

«አፑ ላይ ሰባት ሴቶች አሉ» አልኩ። «እነሱ እውነተኛ ናቸው።»

«ስንቶቹን ታውቃቸዋለህ?»

ሁሉንም ልል አፌን ከፍቼ ነበር፤ ልማድ ነው። «ሁለቱን።»

«እንዴት ነው የምታውቃቸው?»

«አንደኛዋን በስም ነው።»

«ታዲያ አንድ ነዋ የምታውቀው።»

«አንድ።»

«ንገረኝ።»

«ሙርሺዳ ትባላለች። ፓንጋኒ ነው ቤቷ። ትምህርት ቤት የሚሄድ ወንድ ልጅ አላት። ድምፅዋ ከፍ ያለ ነው። ዝናብ ሲዘንብ ታረፍዳለች። የእህቴን ምግብ አብሳይ ልጅ ሁለት ሳምንት ይዛ ነበር፤ ልጁ በመጀመሪያው ቀን አለቀሰ፣ በሦስተኛው ተወ።»

«ሌላስ?»

«ሌላ አላውቅም።»

ይኼ ሰውዬ የጨማመረው ወይ የደበቀው ይኖራል ዓይነት አየችኝ። ምንም አልጨመርኩም። ስልኬን ከቦርሳዋ አውጥታ «ደውልላት» አለች።

ደወልኩ። ሙርሺዳ አነሣች፤ ከኋላዋ የሚንኳኳ ዕቃ ይሰማል። ስለ ሰኞ ነገርኳት። «ሰኞ እችላለሁ» አለች ድምፅዋን ከፍ አድርጋ። «ግን አስቀድሜ ልጅቷን ልያት፣ እናቷም እኔን ትየኝ። እሑድ ይሻላል።»

ሚዛን ስልኩን ከጆሮዬ ወሰደችው። «እሑድ ከቅዳሴ በኋላ፣ አራት ሰዓት ላይ?»

«አራት አይመቸኝም።»

«አምስትስ?»

«አምስት ላይ ልጄን ቁርዓን ቤት አደርሳለሁ። ስድስት በይው።»

«ስድስት ትተኛለች። ስድስት ተኩል?»

በስልኩ ሰዓት ሲማከሩ ልጅቷን ከግራ ወደ ቀኝ ትከሻዬ አዛወርኳት።